የማን መሳቢያ በማን ካዝና

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ትራም ስነዳ ውዬ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ አልቫር ብሩዲን ቆሟል፤ በእጁ በቅጡ ያልደረቀ የፎቶ ፊልም ነጌቲቭ እንደ እባብ ተንጠልጥሏል። ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ። ነጌቲቩን ወደ ደረጃው አምፖል አነሳና፣ «እስቲ እዪው» አለኝ። «ይህን ያነሳሁት እኔ ነኝ?»

አየሁት። ወደ ደሴቶቹ የምትሄደው ጀልባ አፍንጫዋ ሚስቱ ጉኔል ግንባር ውስጥ ገብቷል። ጉኔል ሽሪምፕ እየላጠች ነው፤ የጀልባዋ ጭስ ማውጫ ከጸጉሯ መሃል ወጥቷል። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው፣ አንዱ ምስል የሌላውን ጫፍ በልቶታል።

«ፊልሙን ሳታጠነጥን ደግመህ አንስተህ ይሆናላ» አልኩት ሳላስብ።

ፊቱ ጠቆረ። «እኮ! እኔም የፈራሁት እሱን ነው። ግን ይቺ ካሜራ ሳላጠነጥን ላንሳ ብትያት እሺ አትልም፣ ትቆልፋለች። ታዲያ እንዴት አድርጌ አደረግኩት? ምን ስነካካ? አላስታውስም እኮ!»

እኔም ግራ ገብቶኝ ነጌቲቩን ወደ ላይ ወደ ታች አገላበጥኩት፤ ያው ነው።

አልቫር ያኔ ሰባውን ካለፈ ቆይቷል። ወጣትነቱን ከወንዙ ማዶ መርከብ ሲበይድ ጨረሰው። የመርከብ መሥሪያው ሲዘጋ ደግሞ የትምህርት ቤት ቧንቧ ሲጠግን ቆይቶ ጡረታ ወጣ። ጣቶቹ እንደ ቋሊማ ወፍራም ናቸው፤ በእነዚያ ጣቶች ግን ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ብሎን ይዞ ሌንስ ውስጥ ሲያስገባ ላየው ሰው እጁን የተዋሰው ይመስላል። ካሜራዋ እዚሁ ከተማችን ጎተንበርግ የተሠራች፣ ከላይ ወደ ታች እያዩ የሚያነሱባት አራት ማዕዘን ሳጥን ናት። ሌንሷ ከፊት ይነቀላል። ከጀርባዋ ደግሞ ፊልሙን የያዘው ካዝና ይነቀላል፤ ልክ እንደ ጠመንጃ ካዝና አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። ጉኔልን ከማግባቱ በፊት ነው የገዛት፤ ጉኔል ስትናደድ ታዲያ «አንደኛዋ ሚስትህ» ትለዋለች።

በማዮርና ሰፈር አሮጌ ሌንስ የሚገዛ ሰው ያለ አልቫር አይገዛም። እኔም ከእሱ ጋር የተዋወቅኩት በዚሁ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የሚያብረቀርቅ ሌንስ አንስቼ ልከፍል ስል ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ «አስቀምጪው» አለኝ። ሰው ትእዛዝ ሲሰጠኝ አልወድም።

«ምን አገባህ?»

«ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ ምንም አያገባኝም። ግን መጀመሪያ አሽትቺው።»

«ሌንስ ይሸተታል እንዴ?»

«ምድር ቤት ምድር ቤት ካለሽ ሻጋታ ገብቶበታል። እንኳን ልትገዢው፣ ከሌሎች ሌንሶች ጋር አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አታሳድሪው።»

አሸተትኩት። በእውነትም የድንች ጉድጓድ ይሸታል። ከዚያ ሌላ አነሳና ወደ ሰማዩ አዙሮ ከኋላው አየበት። «ይኸውልሽ፣ ፊት ላይ ያለችው ጭረት አታስፈራሽ፤ ጠላትሽ ከኋላ ያለችው ናት። አቧራም አያስፈራሽ፤ አቧራ የሌለው አሮጌ ሌንስ ትናንት የፈታው ሰው አለ ማለት ነው። እሱን ደግሞ ማን ይወቀው? ጠርጥሪ፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።» መዝጊያውን እጅግ ቀርፋፋው ፍጥነት ላይ አድርጎ ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ዝዝዝዝ ብሎ ሄደና ቀጭ አለ። «ትንፋሹን ሰማሽው? መሃል ላይ ካነቀው ቅባቱ ደርቋል። ይህ ግን ይተነፍሳል፤ ግዢው።» ገዛሁት፤ አሁንም ይተነፍሳል።

እሑድ እሑድ ጠዋት ሌንሶቹን ሁሉ መስኮት ላይ ደርድሮ ብርሃን ያጠጣቸዋል፤ ሻጋታ ጨለማ ነው የሚወደው። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳ ቀጭ ቀጭ ያደርጋቸዋል፣ እንዳይተኙ። ጉኔል ከወጥ ቤት ሆና፣ «ዶሮ ብታረባ እኮ ይሄኔ እንቁላል እንበላ ነበር» ትላለች።

ጓደኛው ቶርኒ ሃሊን ነው። ከግቢው ማዶ ያለው ሕንጻ ላይ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ይኖራል። ረጅም ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር፤ ከአልቫር ጋር የተዋወቁት ወታደር ቤት ነው። ካሜራቸው አንድ ዓይነት፣ ካዝናቸው አንድ ዓይነት፤ ተስማምተው ግን አያውቁም። አልቫር የመስታወቱ ቅብ የሳሳ፣ ምስሉን የሚያለሰልስ የድሮ ሌንስ ይወዳል፤ ቶርኒ ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ ጥርት አድርጎ የሚያሳየውን።

«ያንተ ሌንስ» ይላል ቶርኒ፣ «የአጃ ሾርባ ውስጥ ወድቆ የወጣ ነው።»

«ያንተስ? የጥርስ ሐኪም! ሰው ሊያምር ይነሳል እንጂ ሊመረመር ይነሳል?»

እኛ የሰፈሩ ፎቶ ወዳዶች በየሐሙሱ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ባለው ምድር ቤት እንሰበሰባለን። በዚህ አገር የሐሙስ ምግብ ነውና አተር ሾርባ በሰናፍጭ፣ ከዚያ ፓንኬክ ከማርማላታ ጋር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ለክረምቱ የአገሩ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስበት ሳምንት፣ የዓመቱ ጽዳት አለ። ሁሉም ካዝናውን ይፈታል። ካዝና ሁለት ነገር ነው፤ ውጪው ሳጥን አለ፣ ከጎኑ ስበው የሚያወጡት፣ ፊልሙ የሚጠቀለልበት መሳቢያ አለ። መሳቢያው ይወጣል፣ አቧራው ይነፋል፣ ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክለው ስስ ስፖንጅ ካረጀ ይቀየራል። አንድ ሕግ ብቻ አለን፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጨርቅ። የሁለት ሰው ዕቃ አንድ ጨርቅ ላይ አይፈታም።

የዚያን ዓመት ቶርኒ ጨርቁን ሳይዝ መጣ። አልቫርም «ና እዚህ ዘርጋው፣ አንተ ጨርቅ አልባ» ብሎ የራሱን ለሁለት አካፈለው። እስከ ሾርባው ድረስ ሰላም ነበር። ፓንኬኩ ሲመጣ የሌንስ ነገር ተነሳ። ማን እንዳነሳው እንጃ፤ ሁለቱም እጃቸው እየሠራ አፋቸው ይዋጋ ነበር። አልቫር «ጥርስ ሐኪም» ሲል ቶርኒ «አጃ» ሲል፣ እኔ ማርማላታውን ሳቀብል፣ ካዝናዎቹ ተገጣጥመው ተዘጉ። የጥሉ አሸናፊ ማን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

ከዚያ ወዲህ ነው የአልቫር ፎቶ ያበደው።

መጀመሪያ ሌንሱን ቀየረ። «አልቫር፣ ምስል የሚደራርብ ሌንስ የለም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትቀይራለህ?»

«ሌላ ምን ልቀይር? ጭንቅላቴን ነው?»

ከዚያ ትርፍ ፊልም ካዝናው ውስጥ ከተተና፣ ሳጥኑን ከካሜራው ነቅሎ ባጠነጠነ ቁጥር በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍተቱ ደህና ሆኖ ወጣ። ደስ ሊለው ሲገባ ወሽመጡ ተቆረጠ። ካዝናው ደህና ከሆነ፣ ያልሆነው እሱ ነዋ! በማግስቱ እውነተኛ ፊልም አስገብቶ ወንዙ ዳር ሄደ፤ ሦስቱ ደህና፣ ከዚያ የዓሣ ገበያው ጣሪያ ብስክሌት ላይ ተቀምጧል። እንደገና ሞከረ፤ ደህና። እንደገና፤ ተደራረበ። አንድ ነገር ሁልጊዜ ቢበላሽ ሰው ይገባዋል፤ ሲያሻው እየተበላሸ ሲያሻው የሚድን ነገር ግን ያሳብዳል።

ጉኔል አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዘችኝ። «ከካሜራው ጋር ማውራት ጀምሯል።»

«ድሮም ያወራት ነበር እኮ።»

«ድሮ ይሰድባት ነበር። አሁን ይለማመጣታል።»

እውነቷን ነው። በመስኮት አየዋለሁ፤ ግቢው መሃል ቆሞ «አጠነጠንኩ» ይላል ጮክ ብሎ። «አሁን አነሳሁ። አሁን አጠነጠንኩ።» አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ፊልሙን አጥቦ ሲያወጣው ያው ተደራርቧል። እንግዲህ ወይ እያጠነጠነ አላጠነጠነም፣ ወይ አጠነጠንኩ ያለው ሳያጠነጥን ነው፤ ከዚህ ውጪ ምን ይባላል? እኔ ራሴ ሲያጠነጥን በዓይኔ በብረቱ እያየሁት፣ ምስሉን ሳየው ዓይኔን መጠርጠር ጀመርኩ።

የጨነቀውን አንድ ቀን ነገረኝ። ለጉኔል አልነገራትም፤ ለእኔ ነው የነገረኝ። «አባቴ ሲጃጅ መጀመሪያ የጠፋው መቅዘፊያው ነው» አለኝ። «መቅዘፊያ ሰረቁኝ እያለ ጎረቤት ሲከስ ኖረ። መጨረሻ ላይ ጀልባውን ቁም ሣጥን ውስጥ ይፈልግ ነበር። እናቴን 'አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ የት ሄደ' ይላት ነበር። ካሜራ ቢበላሽ ግድ የለኝም፤ እጠግነዋለሁ። ጭንቅላቴ ከሆነስ? ይህን በምን እፈታዋለሁ?»

«ጤና ጣቢያ ሂድና ተመርመር።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ከነገሩኝ በኋላ ምን ይዤ ልኑር? አሁን ቢያንስ አላውቅም።»

ተናደድኩበት። እንዲህ ያለ ግትር! ግን ደግሞ ፈራሁለት፤ እኔም ብሆን እሄድ እንደነበር እንጃ።

በዚያ ክረምት ቶርኒ ሐሙስ ሐሙስ መቅረት አበዛ። «ጉንፋን ነው» ይላል። ሲመጣም ፎቶ አያሳይም። አልቫርም ስለማያሳይ አልጠየቀውም። ሁለቱ ተቀምጠው ሾርባቸውን ዝም ብለው ሲጠጡ ሳይ ያ ጥላቸው ናፈቀኝ።

ሚያዝያ መጨረሻ የግቢው ጽዳት ቀን ደረሰ። ሁሉም መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፣ የክረምቱ ቅጠል ይጠረጋል፣ ቋሊማ ይጠበሳል፤ ሲያልቅ ደረጃው ላይ እንደረደርና አልቫር ያነሳናል። ከአርባ ዓመት በላይ ሳያቋርጥ አንስቶናል፤ ልጆች አድገው ልጆቻቸውን ይዘው እዚያው ደረጃ ላይ ቆመዋል። ምስሉ መግቢያው ላይ ይሰቀላል። የዚያን ዓመት የተሰቀለው ላይ የእኔ ራስ የጎረቤት ውሻ ጀርባ ላይ በቅሏል። የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ደግሞ ግማሾቹ ሰማይ ላይ ናቸው።

«ዘመናዊ ጥበብ ነው!» አለ አንዱ። ተሳቀ። አልቫርም ሳቀ። ሳቁ ሳይጨርስ ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

በሳምንቱ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ዕቃው ሁሉ ተዘርግቷል፤ ሌንሶቹ ክዳናቸውን ደፍተው፣ ካሜራዋ ተወልውላ። «ልሸጠው ነው» አለኝ። «ዋጋውን ገና ሳልረሳ ልሽጠው። አንቺ ቁጥሮቹን አንብቢልኝ፤ ለእኔ ዓይን ደቅቀዋል። ገዢ የሚጠይቀው መጀመሪያ ቁጥር ነው።»

«እንዲህ ከምትሸጥ—»

«አንብቢ አልኩሽ!»

አነበብኩ። የካሜራዋን፣ የሌንሶቹን፣ ከዚያ የካዝናውን ሳጥን። እሱ ይጽፋል። «አሁን መሳቢያውን ሳቢና የእሱን።»

አነበብኩለት።

«ከሳጥኑ ጋር አይገጥምም፤ የመሳቢያውን ነው ያልኩሽ።»

«የመሳቢያውን ነው ያነበብኩት።»

«መነጽርሽን አድርጊ።»

«አድርጌያለሁ፣ አልቫር! የሳጥኑ መጨረሻ ሌላ ነው፣ የመሳቢያው መጨረሻ ሌላ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ነጌቲቭ የሚያይበትን አጉሊ መነጽር አንስቶ ጎንበስ አለ። ሳጥኑን አየ። መሳቢያውን አየ። ሳጥኑን እንደገና አየ። እየቆየ ጆሮው ሲቀላ ይታየኛል።

ነገሩ ይህ ነው። ሳጥንና መሳቢያ ሲሠሩ አብረው ነው የሚወለዱት፤ የቁጥራቸው ጭራ አንድ ነው። ጥርሶቻቸው ዕድሜ ልክ እርስ በርስ እየተፋጩ ይላመዳሉ። የአንዱን መሳቢያ ለሌላው ሳጥን ከሰጡት ይገባል፣ ይዘጋል፣ ይዞራል፤ አንዳንዴ ደህና ይሠራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጥርስ ይስትና ፊልሙ እኩል አይራመድም።

«የእኔ አይደለም» አለ አልቫር። «ይህ መሳቢያ የእኔ አይደለም።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጥሩን አላየኸውም?»

«ስገዛው አየሁት፤ በቃ። የሚስቱን መታወቂያ በየማለዳው የሚያይ ማን አለ?» ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «አልጃጀሁም» አለ በለሆሳስ። ቀጥሎ ጮኸ። «ጉኔል! አልጃጀሁም!»

ጉኔል የዕቃ ፎጣ እንደያዘች ብቅ አለች። «ማነው ጃጅተሃል ያለህ?»

«እኔ!»

«እና ክረምቱን ሙሉ ስትደብቀኝ የነበረው ይህንን ነው? እኔ እዚያ ነቀርሳ ይዞት ነው እያልኩ ግድግዳ ስቆጥር የማድረው...» በፎጣው ጀርባውን መታችው፤ ከዚያ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንገቱን አቀፈችው። እኔ የምሄድበት ጠፍቶኝ ቁጥሮቹን እንደገና ማንበብ ጀመርኩ።

የጥቅምቱ ጨርቅ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አልቫርም ትዝ አለው። ጫማውን ግራና ቀኙን አቀያይሮ አጥልቆ ካዝናውን እንደያዘ ግቢውን አቋረጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ቶርኒ በሩን ሲከፍት አልቫር ሰላም እንኳ አላለውም።

«አንተ ሌባ! አእምሮዬን ሰርቀህ ክረምቱን ሙሉ በካዝናህ ይዘህ ትዞራለህ?»

ቶርኒ ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየን። «ምን አደረግኩ?»

«ካዝናህን አምጣ!»

አመጣ። መሳቢያው ተሳበ፣ እኔ አነበብኩ፤ የአልቫር ቁጥር። ቶርኒ ግን አልሳቀም። ወደ ውስጥ ገብቶ የጫማ ካርቶን ይዞ ተመለሰና ክዳኑን ከፈተው። የታጠቡ ፊልሞች ናቸው፤ ሁሉም የተደራረቡ፣ በር በመስኮት ላይ፣ ዛፍ በትራም ላይ።

«አንተም?» አለ አልቫር።

«ለማንም አልነገርኩም» አለ ቶርኒ። «እኔ እኮ... በቃ አለቀልኝ ብዬ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ሁለቱም የፈነዱት። አንዱ ሌላው ትከሻ ላይ ተደግፎ፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ። «ጃጅተሃል!» ይላል አንዱ፤ «የጃጀኸው አንተ ነህ!» ይላል ሌላው። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። መሳቢያዎቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ለየራሳቸው አዲስ ፊልም አስገቡና፣ በማግስቱ ሊያነሱ፣ አልቫርም በመታጠቢያ ክፍሉ የሁለቱንም ሊያጥብ ተስማሙ።

በሦስተኛው ቀን አልቫር ጠራኝ። ሁለቱ ፊልሞች ከገላ መታጠቢያው ገንዳ በላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የእሱ ወንዙ፣ ጀልባዎቹ፣ ጉኔል አግዳሚ ወንበር ላይ፤ ክፍተቱ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል እኩል ነው። የቶርኒም ክፍተት እኩል ነው፣ ካዝናው እንከን የለውም። አልቫር ግን አልሳቀም።

«የቶርኒን ከላይ ጀምረሽ እዪው» አለኝ።

የመጀመሪያው ምስል የብስክሌት ማስቀመጫው በር ነው። ሁለተኛው የብስክሌት ማስቀመጫው በር ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እስከ ታች ድረስ ያው በር ነው።

«ሌንስ እየሞከረ ይሆናል» አልኩ። ሰው ሌንስ ሲሞክር አንድ ነገር ደጋግሞ ያነሳል፤ እኔም አደርገዋለሁ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን የሚሞክር ሰው ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን መክፈቻ ይቀይራል። ይህ አልቀየረም። ደግሞ የአሸንዳውን ጥላ እዪ።»

አየሁ። በመጀመሪያው ምስል የአሸንዳው ጥላ ከበሩ በስተግራ ነው። ቀጥሎ እጀታው ላይ ደርሷል። ከዚያ በሩ መሃል። መጨረሻው ላይ በስተቀኝ አልፎ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ቶርኒ ቀኑን ሙሉ እየወጣ፣ እንዴት ደስ የሚል በር ነው እያለ፣ እንደ አዲስ አንስቶት ይገባ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ምስሉ ሲደራረብ ይህን ማን ሊያየው ይችል ነበር?

«ምን ልንለው ነው?»

አልቫር ሳይመልስልኝ ቶርኒ ከነጫማው ገባ፤ ጉኔል ከፍታለት። «እ? ካዝናዬ ዳነ?»

«ድኗል» አለ አልቫር። «ክፍተቱ እኩል ነው።»

ቶርኒ ነጌቲቩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ አምፖሉ አስጠጋው። ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው እንዳለ ቀረና ዓይኑ ብቻ ወደ ታች ወረደ። «ይህን በር አንስቻለሁ፤ ጥሩ ብርሃን ነበረው» አለ። «ሌሎቹን ግን... እኔ ጀልባ ያነሳሁ ይመስለኛል። አላነሳሁም እንዴ? እነዚህን ማነው ያነሳቸው?»

ውሃ ከፊልሙ ጫፍ ገንዳው ውስጥ ይንጠባጠባል።

«እኔ ነኝ» አለ አልቫር።

«አንተ?»

«ካሜራህን ደጅ አግዳሚው ላይ ትተሃት ነበር። አነሳሁባት። አሁን ሳየው አንድ በር ነው ስደጋግም የዋልኩት። አላስታውስም ነበር።»

ቶርኒ ሳቅ አለና ወዲያው ተወው። ነጌቲቩን ለቀቀና እጁን አልቫር ትከሻ ላይ አደረገ። «ታዲያ ነገሩ መሳቢያው ብቻ አልነበረም ማለት ነው?»

«እንጃ ቶርኒ። ጤና ጣቢያ ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ። ብቻዬን ግን እፈራለሁ።»

«ምን ያስፈራሃል፣ እኔ አለሁ አይደል? አብሬህ እሄዳለሁ።»

«አንተም ከገባህ አብረን እንመርመር። ለብቻዬ ጅል እንዳልመስል።»

«እሺ፣ እመረመራለሁ» አለ ቶርኒ። «ለአንተ ስል ነው።»

ቶርኒ እንደወጣ ተቆጣሁ። «ዋሸኸው!»

«አዎ።»

«እውነቱን ማወቅ የለበትም?»

«ያውቃል፤ ሐኪሟ ትነግረዋለች። እስከዚያ ግን...» ግንባሩን ያሻል። «ክረምቱን ሙሉ እዚያ ፍርሃት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ አንቺ አታውቂውም። ብቻውን አይግባ።» ልክ ይሁን ስህተት ያኔም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም።

በቀጠሯችን ቀን በትራም ሄድን፤ እረፍቴ ስለነበር እንደ ተሳፋሪ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ቶርኒ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጸጉሩን በውሃ አበጥሮ መጥቷል። መንገዱን ሁሉ ሲያጫውተው የነበረው እሱ ነው፤ ስለ ወታደር ቤት፣ ስለ ሌንስ፣ ስለ አጃ። አልቫር ይስቅለታል። መጠበቂያው ክፍል ውስጥም እጁን ይዞት ነበር፤ አልቫር የቶርኒን ሳይሆን፣ ቶርኒ የአልቫርን።

አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ፣ «ቶርኒ ሃሊን» አለች።

ቶርኒ አልቫርን በክርኑ ጎሸም አደረገው። «ተጠራህ እኮ።»

አልቫር አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«ቶርኒ ሃሊን» አለች ነርሷ ደግማ።

«ተነሳ እንጂ» አለው ቶርኒ። «አይዞህ፣ እኔም አብሬህ ነው የምገባው።»

አልቫር ተነሳ። ጃኬቶቻቸውን ለእኔ ሰጥቶኝ ክንዱን ለቶርኒ ዘረጋለት፤ ተያይዘው ገቡ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ቶርኒ ወደ ነርሷ ጎንበስ ብሎ፣ «ጓደኛዬ ትንሽ ይፈራል» ሲላት ሰማሁት። «ቀስ ብላችሁ ጠይቁት።»